ተብታባው መሪጌታ

ዜማ አያንተባትበኝም። ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር ናትና እዚህ ከተማ መቋሚያ ይዞ የሚቆም ሰው ስህተቱን የሚነቅስበት ጆሮ አያጣም፤ እኔ ግን ከቁም ወደ ዝማሜ ስሻገር ምላሴ አንድም ቦታ አይያዝም። ጉዱ የሚመጣው ዜማው ሲያልቅ ነው። «እግርህን አዘግይ» ልል ስል «እ» ላይ ተተክዬ እቀራለሁ።

ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። በየትም አገር ያለ ተብታባ ሲዘምር ወይም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነብ አብዛኛውን ጊዜ ምላሱ ይፈታል። እኔ ይህን ያወቅሁት በተማሪነቴ፣ በአኮፋዳ ዘመኔ ነው። ወገራ ላይ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል፣ ጥሪው ዜማ አለውና፣ ውሻ እየጮኸብኝ እንኳ ጥርት ብሎ ይወጣል። እማማ ቁራሹን ይዘው ብቅ ይሉና «አገርህ ወዴት ነው ልጄ?» ይላሉ። አገሬ ጃናሞራ ነው፤ «ጃ» ደግሞ አይወጣልኝም። «ስሜን ነኝ» እላለሁ። ስሜን ሰፊ ነው፣ ውሸት አይሆንም።

ዛሬ ተማሪው ስልኩን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ይቀዳል። የሚቆጡ መምህራን አሉ፤ እኔ እፈቅዳለሁ፣ ለሌሊት ክለሳ ይረዳል። ከአንዱ ስልክ ራሴን ስሰማ መጀመሪያ የገረመኝ የድምፄ መቅጠን ነበር። ስንናገር ድምፃችን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ወደ ጆሯችን ይደርሳል፤ የሚያወፍርልን አጥንቱ ነው። መቅጃው የሚይዘው በአየር የሄደውን ብቻ ነው። አፄ ምኒልክና የስሜን መሳፍንት ዘር የሆኑት እቴጌ ጣይቱ በ1899 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ መልእክት ሲቀዱም ሕጉ ያው ነበር፤ አጥንት ለንጉሥ አያዳላም።

ከመቅጠኑ ይልቅ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። በውስጤ አንድ መልክእ የሚያስደርስ የሚመስለኝ ዝምታ፣ ከስልኩ ሲሰማ ተማሪው ትንፋሽ እስኪስብ ያህል ነው። ጆሮ የሚያደክመው ሽሽቱ ነው። «መረግድ» ላለማለት «እንግዲህ ያኛው፣ ማለት፣ ከዝማሜ ቀጥሎ ያለው» እያልሁ ስዞር ይሰማል። «የቱ የኔታ?» ይላል አንዱ። ሌላው ጽፋት መስሎት ጭብጨባ ጀምሯል።

ስለዚህ አሁን «መ… መ… መረግድ» ብዬ ከነመንተባተቤ እጠራዋለሁ። ንግግርህንም በዜማ አድርገው የሚሉኝ አሉ። አራዳ ገበያ ሽንኩርት በአራራይ ስዋዋል ይታያችሁ! ደግሞስ እንዲህ ያለው ብልሃት ለጊዜው ይሠራል እንጂ ብዙ አይሰነብትም።

ዘንድሮ ከጉባኤው አንድ ተብታባ ልጅ ገብቷል። ዜማውን ሳይሆን ከዜማው በኋላ የምንጫወተውን ቅዳ አልሁት። «እሺ የኔታ» ይለኛል፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን ስልኩን ያጠፋል። አላስቸገርሁትም፤ ገና ዝማሜውንም አልጨረሰ።