የጆን ኪው ሽጉጥና የጅግጅጋ ቃራን

«ጆን ኪው» የተሰኘው ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቢያልፈውም የአሜሪካ ሕክምና ውድነት በተነሣ ቁጥር ስሙ አብሮ መነሣቱ አልቀረም። እኛም ዛሬ ያነሣነው፣ ከሩቅ አገር የመጣ ታሪክ በገዛ ቤታችን ያለውን ጉዳይ ምን ያህል ያሳየናል ብለን ለመጠየቅ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጆን (ዴንዜል ዋሽንግተን) የቺካጎ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ልጁ ቤዝቦል ሲጫወት ይወድቃል፤ ልቡ በሌላ ልብ ካልተተካ አይድንም ይባላል። ዋጋው 250 ሺህ ዶላር ነው፤ የልጁ ስም ተራ ውስጥ እንዲገባ ብቻ 75 ሺህ ዶላር በቅድሚያ ይጠየቃል። ጆን የሥራ ሰዓቱ ስለተቀነሰበት የጤና መድኑም ወደ ርካሹ ዓይነት ወርዶ ኖሯል። የቤት ዕቃውን ይሸጣል፤ ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ያዋጣለታል፤ አይሞላም። በመጨረሻ ሽጉጥ ይዞ የድንገተኛ ክፍሉን ይዘጋል።

የፊልሙ ጥንካሬ ሽጉጡ ከመውጣቱ በፊት ባለው ክፍል ነው። ጆንን የሚያነጋግሩት ጸሐፊዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ሁሉም ያዝንለታል፣ ሁሉም ወደ ሌላ መስኮት ይልከዋል። ሽጉጡ ከወጣ በኋላ ግን አዘጋጁ ኒክ ካሳቬትስ ወደ ለመድነው መንገድ ይገባል። የሆስፒታሏ ኃላፊ ልቧ ይራራል፤ በመኪና አደጋ የሞተች ሴት ልብ በሰዓቱ ይደርሳል። ፊልሙ የፍትሕን ጥያቄ አንሥቶ በዕድል መለሰው ማለት ነው። በእውነተኛው ዓለምስ? የኦባማ የጤና ሕግ በ2010 እ.ኤ.አ. ጸድቋል፤ ያም ሆኖ በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 26 ሚሊዮን የሚሆን ሰው መድን አልነበረውም። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ ኸልዝኬር ዋና ሥራ አስኪያጅ ብራያን ቶምፕሰን ኒው ዮርክ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ጥይቱ የማንንም በሽተኛ ሂሳብ አልከፈለም።

ጎረቤቶች ገንዘብ የሚያዋጡበት ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ ቶሎ ያልፋል። ጅግጅጋ፣ አውበሬ ወይም ቶጎ ውጫሌ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ግን ዋናው ታሪክ እዚያ ላይ ነው። ሶማሌው ይህን መዋጮ «ቃራን» ይለዋል። የደም ካሳን በጋራ የሚከፍል ጎሳ የሕክምና ወጪንም በጋራ ይሸከማል። ሽማግሌዎች ይደለድላሉ፤ ስልክ ይደወላል፤ ሚኒያፖሊስ ያለው ዘመድ በሐዋላ ይልካል። በሽተኛው ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል፤ አለዚያም ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ ሐርጌሳ ይገባል። ያ ዶላር የተገኘው ላኪው ራሱ የገዛ ልጁን የሐኪም ሂሳብ ከሚፈራበት አገር መሆኑን ግን ስንቱ ያስታውሳል?

ጆን የጅግጅጋ ሰው ቢሆን ኖሮ ሽጉጥ ባላነሣ ነበር የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ብቻውን አይቀርም ነበር። ለመሆኑ ብቻውን የማይቀረው ማነው? ጎሳው ሰፊ የሆነ፣ ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ነው። በእጅ ሙያው የሚናቀው የገቦዬ ልጅስ? ከብቱ በድርቅ አልቆ፣ ዘመዶቹም አብረውት የደኸዩት ተፈናቃይስ? ከመሀል አገር መጥቶ በቀን ሥራ የሚኖረውስ? እሱ እድር አለው፤ እድሩ ግን በአብዛኛው የተቋቋመው ለቀብር እንጂ ለመድኃኒት አይደለም። የአሜሪካው መድን «አሠሪህ ማነው?» ይላል፤ ቃራን ደግሞ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። ሁለቱም ይህን የሚጠይቁት «ምን አመመህ?» ከማለታቸው በፊት ነው።

መንግሥት ለዚህ ያቀረበው መልስ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሶማሌ ክልል አልነበረበትም። በቀበሌ ተመዝግቦ በየዓመቱ መዋጮ ለሚከፍል ቤተሰብ የታሰበ አሠራር ዝናብ ተከትሎ ለሚጓዝ አርብቶ አደር በቀላሉ አይሆንም። የመድን ደብተር የያዘውም ቢሆን መድኃኒቱ ከጤና ተቋሙ ሲጠፋ ከውጭ በኪሱ ይገዛል። የልብ ነገር ከተነሣ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕክምና ማዕከል ሕፃናትን በነፃ ቢያክምም ተራ የሚጠብቁት በሺህ ይቆጠራሉ። የጆን ልጅ ተራ ለመግባት ገንዘብ ተጠየቀ፤ የእኛዎቹ ተራ ገብተው ይጠብቃሉ።

ፊልሙ በወጣበት ዓመት ሐርጌሳ ውስጥ ሌላ ታሪክ ተፈጽሟል። አዋላጇ ኤድና አደን እስማኤል ከዓለም ጤና ድርጅት በጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ጥሪታቸውን ሁሉ አፍስሰው በስማቸው የሚጠራውን የወሊድ ሆስፒታል ከፈቱ። ጆንም ያለውን ሸጧል። የሸጠው ለልጁ ነው፤ አባት ነውና ማንም አይወቅሰውም። ኤድና ጥሪታቸውን ያፈሰሱት ግን ለማያውቁት ሰው ነው። ፊልሙ የጎደለው ይኸው ነው። የጆን ልጅ ይድናል፤ ሕዝቡ ለአባትየው ያጨበጭባል፤ በነጋታው በዚያው መስኮት ፊት የሚቆመውን ሌላ አባት ግን አያሳየንም። የሚቀጥለው ፊልም በሶማሊኛም ሆነ በአማርኛ ተሠርቶ፣ ከእሱ ቢጀምር እንወዳለን።