ጠጉር የሚነድፍ ደጋን

በሞላሌና በዙሪያዋ ባለው የመንዝ ደጋ ባና የተባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሲመሰገን ሸማኔው ይመሰገናል፤ የፈታይዋም እጅ ይጠቀሳል። ከሁለቱም በፊት የሠራው ደጋን ግን ሥራው ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሚያነሣውም የለም። እኔ አሮጌ ደጋን ባየሁ ቁጥር አውርጄ አገላብጠዋለሁ። ስለ ባናው ከራሱ ከባናው ይልቅ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው።

የመንዝ በግ ላቱ አጭር፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው። ተሸልቶ ሲመጣ ቅባት፣ አቧራና ገለባ ይዞ፣ እርስ በርሱ ተቋጥሮ ነው። ነዳፊው የደጋኑን ወገብ በአንድ እጁ ይይዝና ጅማቱን ክምሩ ላይ ያሳርፋል፤ በሌላው እጁ ጣት ስቦ ይለቀዋል። ጅማቱ ሲርገበገብ ቋጠሮው ይፈታል፤ ገለባው ወደ ታች ይረግፋል። የተፈታው ጠጉር ባዘቶ ሆኖ ወደ እንዝርት ይሄዳል። ባዘቶው ውስጥ ቋጠሮ ከቀረ ፈትሉ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ያለው ይሳሳል፣ ሸማኔው ሲወጥረውም የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው።

መሣሪያው የመንዝ ብቻ አይደለም። የሕንድ ጥጥ ነዳፊዎች ረጅም ደጋን ይዘው ጅማቱን በእንጨት መምቻ ይመታሉ። የአውሮፓ ባርኔጣ ሠሪዎችም የጥንቸልና የቢቨር ጠጉር በደጋን ይነድፉ ነበር።

ደጋኑን የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፍላጻ የሚወረውር ደጋን ባዶውን ተስቦ መለቀቅ የለበትም። ፍላጻው ይዞት ሊሄድ የነበረው ጉልበት መሄጃ ሲያጣ ወደ እንጨቱ ይመለሳል፤ ጥሩ ደጋን በአንድ እንዲህ ያለ ስሕተት ሊሰነጠቅ ይችላል። የነዳፊ ደጋን ግን ዕድሜውን ሙሉ ባዶውን ይለቀቃል። የሚያድነው የሚሳብበት ርቀት ማነስ ነው፤ ጅማቱ ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ነው የሚሳበው። የቀስተኛ ደጋን ብዙ ጉልበት አከማችቶ በአንዴ ይሰጣል፤ የነዳፊው ጥቂት ይቀበልና በቀን ሺህ ጊዜ ይመልሳል። ስለዚህ በእጅ ተጭኖ «ጠንካራ ነው፣ አልታጠፍ አለ» ብሎ መግዛት ሚዛኑን መሳት ነው። የሚፈለገው ውጥረቱን ሳያላላ መያዙ ነው።

እንጨት ሲታጠፍ ውጩ ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል። ጥንታዊ ደጋን ሠሪዎች ሁሉ የደከሙት ለዚህ ነው። ቱርኮች ከውጭ የእንስሳ ጅማት፣ ከውስጥ ቀንድ ለጥፈዋል፤ ጅማት መለጠጥን፣ ቀንድ መጨመቅን ይችላልና። በ1545 እ.ኤ.አ. ከሰመጠችው ሜሪ ሮዝ ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከ130 በላይ ያልተሰበሩ ደጋኖች ወጥተዋል። የተሠሩት የው ከሚባል ዛፍ ነው፤ የግንዱ ነጭ ክፍል በውጭ፣ ቀዩ ልብ በውስጥ ሆኖ አንዱ እንጨት ሁለቱን ሥራ ተካፍሏል። የመንዝ ደጋን ሠሪ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። እሱ የሚመርጠው ሐሩ፣ ማለትም የእንጨቱ ቃጫ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ የሚሄድ እንጨት ነው። ውጩን ሲጠርብ ሐሩን ከቆረጠው፣ የተቆረጠበት ቦታ አንድ ቀን ቀና ብሎ ይነሣል። ጥፍርዎን በውጩ ላይ በቀስታ ይሳቡት፤ የሚይዝዎ ነገር ካለ ያ ነው።

ውስጡን ለማየት ብርሃን በጎን በኩል እንዲመጣ ያድርጉ። በእንጨቱ ርዝመት የሚሄድ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የድርቀት ነው፤ አያስፈራም። አግድም የሚሄድ ቀጭን ሽብሽብ ግን ሐሩ ተጨምቆ መሰባበሩን ይናገራል። ያንን የሚያስተካክል ጥገና አላውቅም። ክብ ቀዳዳና እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ካለ ነቀዝ ገብቶታል፤ ከላይ ያለው ቀዳዳ ጥቂት ቢሆንም የውስጡ አይታወቅም።

ቀጥሎ ደጋኑን እንደ ተወጠረ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አንድ ዓይን ጨፍነው ይመልከቱ። ጅማቱ የእንጨቱን ወርድ እኩል ለሁለት መክፈል አለበት። ወደ ጎን ካመለጠ እንጨቱ ተጣምሟል፤ ጅማቱም ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይመለስም፣ ጠጉሩን ወደ አንድ ወገን ይገፋል። ከዚያ የሁለቱን ክንዶች ጉብጠት ያነጻጽሩ። አንዱ በብዛት ከታጠፈ ሸክሙን የሚሸከመው እሱ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው። ጅማቱ ሲወርድ እንጨቱ ጥቂት ጎብጦ ቢቀር የዕድሜ ነው። ተወጥሮ የነበረውን ያህል ጎብጦ ከቀረ ግን ጉልበቱ አልቋል።

ጫፎቹ ላይ ጅማቱ የሚታሰርባቸው ጥርሶች አሉ። እዚህ ትዕግሥተኛ ሠሪ ከችኩሉ ይለያል። የጥርሱ ጠርዝ ክብ ሆኖ ከተለሰለሰ ጅማቱ ሳይቆረጥ ይኖራል፤ ስል ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበላዋል። ጅማቱ ራሱ መለወጫ ስላለው ለዋጋ አይቆጠርም፤ ግን ማስረጃ ነው። መሃሉ ከጠጉሩ ቅባት ጠቁሮና ለስልሶ፣ ጫፎቹ ሻካራ ሆነው ካገኟቸው ደጋኑ በእውነት ሠርቷል።

በጥሬ ቆዳ የተጠመጠመ ደጋን ብዙ ገዢ ይሸሻል። እኔ አልሸሽም። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይሰበሰባልና ስንጥቁን አጥብቆ ይይዘዋል። ከጥቅሉ ግራና ቀኝ ስንጥቁ እንዳልቀጠለ ማየት ብቻ ይበቃል። አንድ ሰው ጊዜውን ሰጥቶ ጠግኖታል፤ የማይረባ ደጋን ማንም አይጠግንም። ይልቅ አዲስ ቫርኒሽ የተቀባውን ይጠርጥሩ፤ ቫርኒሽ ሽብሽቡንም ቀዳዳውንም ይሸፍናል።

የመጨረሻው ፈተና ጠጉር ነው። አንድ ጭብጥ ያልተነደፈ ጠጉር ይዘው ይሂዱ። ጅማቱን ባዶውን ሲለቁት ድምፁ አንድ ወጥ ይሁን፤ የሚንኳኳ ነገር ከሰሙ አንድ ቦታ ላልቷል። ከዚያ ይንደፉ። ባዘቶውን ወደ ብርሃን ሲያነሡት ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታይ ቋጠሮ ከሌለ፣ ከሥሩም ገለባው ለብቻው ከወደቀ ደጋኑ ደጋን ነው።

ለግድግዳ ጌጥ ብለው የገዙ ቢያንስ ጅማቱን ያላሉት፤ ተወጥሮ የሚሰቀል እንጨት ሳይሠራ ይደክማል። ለሥራ የሚፈልጉ ደግሞ መልኩ አምሮ ውስጡ ከተሸበሸበው ይልቅ፣ በቆዳ የተጠገነ ሆኖ ሁለት ክንዱ እኩል የሚታጠፈውን ይግዙ፤ ጅማቱን ለውጠው ይንደፉበት።