ምንጩን ማየት

ጥርሱን ለመታከም ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ድረስ ለመጣ ሰው «ለሳምንት ተመለስ» ማለት ከባድ ነው። የመሳፈሪያውንና የማደሪያውን ያስባል፤ አጨዳ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚባክነው ቀን ያንገበግበዋል። ስለዚህ አብዛኛው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ነቅለህ ገላግለኝ» ይላል። «ነርቩን አጽድተን እናድነው» ብዬ አግባብቼው ሥራው ከከሸፈ ጉዳቱ በአንድ ጥርስ አያበቃም፤ እሱም ጎረቤቱም ጥርስ ይድናል ብለው ዳግም አያምኑም።

ይህን ያስተማሩኝ ከቡሬ በኩል የመጡ አንዲት እናት ናቸው። የላይኛውን የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርሳቸውን በባዶ ዓይኔ ሠርቼ፣ ሦስቱን የሥር ቦይ አጽድቼና ሞልቼ፣ ራጁን አይቼ ተደስቼ ነበር። ከወራት በኋላ ድዳቸው መግል እያፈሰሰ ተመለሱ። «ልጄ፣ ይኸው መጣብኝ» አሉ እንጂ አልወቀሱኝም። በዚያን ጊዜ 3.5 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ከነራስ መብራቱ መጠቀም ጀምሬ ነበር። ጥርሱን ከፍቼ ሳይ በወለሉ ላይ ከጉንጭ በኩል ወደ ላንቃ የሚሄድ የፀጉር ያህል መስመር ታየኝ። በቀስታ ስፍቀው ቀጭኑ የቦይ ማጽጃ ፋይል ሰመጠ፤ አራተኛው ቦይ ነበር። በዚህ ጥርስ ላይ አራተኛ ቦይ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ተማሪ ሳለሁም አውቀው ነበር። ዓይኔ ያላየውን ግን እጄ እንዴት ያጸዳዋል?

ግሽ ዓባይ የሄደ ሰው ያ ሁሉ ወንዝ ከምን ያህል ትንሽ ምንጭ እንደሚነሣ ያውቃል። የድድ መግልም እንዲሁ ነው። በመድኃኒት ለጊዜው ይደርቃል፤ ምንጩ ካልተዘጋ ይመለሳል።

አንዳንዴ ቦዩ ከላይ ተዘግቶ ድጋሚ ማጽዳት አይቻልም። ያን ጊዜ ድዱ ተከፍቶ፣ አጥንቱ ተበስቶ፣ ከሥሩ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ይቆረጣል፤ አብዛኞቹ ስውር ቅርንጫፎች እዚያ ናቸውና። ከዚያም ከቀረው ጫፍ 3 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ይታሸጋል። በቀድሞው ዘዴ ሐኪሙ ለማየት ሲል ሥሩን በ45 ዲግሪ አጋድሞ ይቆርጥ፣ አጥንቱንም እስከ 10 ሚሊሜትር ይከፍት ነበር። ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ትንንሽ መስተዋትና አልትራሶኒክ ጫፍ ተከተሉት፤ ቁርጡ ቀጥ አለ፤ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ በቂ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የጥርስ ሥር ሕክምና ስፔሻሊስት በማይክሮስኮፕ መሠልጠን ግድ ሆኖበታል።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ በቀድሞው ዘዴ የተሳካውን 59 ከመቶ፣ በማይክሮስኮፕ የተሳካውን 94 ከመቶ አድርጎ አስልቶታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የተከተለው ደግሞ አዲሶቹን መሣሪያዎችና መሙያዎች ይዘው፣ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ በመነጽር ወይም በባዶ ዓይን የሠሩትን 88 ከመቶ ላይ አስቀምጧል። ልዩነቱ የጎላው በመንጋጋ ጥርስ ላይ ነው። ማይክሮስኮፕ ለሌለን ሰዎች ይህ ቁጥር ብርታት ይሰጠናል፤ መንጋጋ ላይ ግን ጥንቃቄያችንን እጥፍ ያደርግብናል።

የታካሚው ማገገም የሚወሰነውም እዚያው መነጽሩ ሥር ነው። ብዙ አጥንት የተቆፈረበት፣ ድዱ ሲጎተት የቆየ ሰው ብዙ ያብጣል። አጥርቶ ያየ ሐኪም ጥቂት ይቆርጣል፣ በቀጭን ክር ይሰፋል፣ ስፌቱንም በጥቂት ቀን ያወጣል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ብሎ ይጎድላል። በመጀመሪያው ቀን ጉንጭ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ፣ ከማግስቱ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ ከቆሎ፣ ከሲጋራና ከአረቄ መራቅ፣ ስፌቱን ለማየትም ከንፈርን አለመጎተት ያስፈልጋል። አጥንቱ የሚሞላው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ መዳኑን የሚነግረን ከወራት በኋላ፣ ከዚያም ዓመት ሲሞላ የሚነሣ ራጅ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ጠፋ ብላችሁ ቀጠሮውን አትተዉ።

እኔ ዛሬም የምሠራው በመነጽሩ ነው። የራስ መብራቱ በባትሪ ስለሚበራ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ እንኳ ያገለግላል፤ አንገቴንም ከማጎንበስ አድኖልኛል። እናንተ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች፣ ከመጀመሪያው ደመወዛችሁ ቆጥባችሁ ይህን መነጽር ግዙ። ጎንደርም ጅማም ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪው ሳይመረቅ አጉልቶ ማየትን ይልመድ። ታካሚዎችም ለማስነቀል አትቸኩሉ፤ የላይኛው መንጋጋችሁ ነርቭ ሲጸዳ «አራተኛውን ቦይ ፈለጋችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ፈልጎ ማየት ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው።