ከዱቤ የተረፈ ቤት

አማርኛ ለ«ቤት» ስስታም አይደለም። ቡና የሚጠጣበት ቡና ቤት፣ ፍርድ የሚሰጥበት ፍርድ ቤት፣ እስረኛ የሚታጎርበት ወህኒ ቤት ነው። ሰው የሚያድርበትን ከእነዚህ ለመለየት ሲፈልግ «መኖሪያ ቤት» ይላል። እንግዲህ ሱቅ መኖሪያ ሆነ ቢባል እኛን ብዙም የሚደንቀን አይመስለኝም። ትንንሾቹ የአርሲ ከተሞችስ ቢሆኑ የተሠሩት እንዲያው አይደል? ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው ጓዳ፣ በመሐል መጋረጃ።

ፈረንጆቹን ግን ይደንቃቸዋል። የአሮጌ ቤት እድሳት በሚወደስባቸው መጽሔቶቻቸው ደጋግሜ ያየሁት ወግ አለ፤ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ሱቅ የነበረውን ሕንፃ ገዝተው የገጠር መኖሪያ ያደረጉት ሰዎች ወግ። ዌስት ቨርጂኒያና ኬንታኪ በሚባሉት ተራራማ የአሜሪካ ግዛቶች እንዲህ ያለው ሱቅ ብዙ ነበር። ባንኮኒው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይሆናል፣ የሸቀጡ መደርደሪያ መጽሐፍ ይደረደርበታል፣ ጡቡ ይታጠባል። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም።

ፎቶው ላይ የማይታየው ዱቤው ነው። በእነዚያ ሸለቆዎች ጉድጓዱም፣ ቆፋሪው የሚያድርበት ቤትም፣ ሱቁም የአንድ ኩባንያ ነበር። ደሞዝ ሳይደርስ የቸገረው ሠራተኛ ብድር ሲጠይቅ የሚሰጠው ኩባንያው ራሱ ያስመታው ብረት ወይም ያሳተመው ወረቀት ነው። በሙሉ ዋጋው የሚያገለግለውም በዚያው በኩባንያው ሱቅ ነበር። የዱቄቱ፣ የጫማው፣ የገዛ መቆፈሪያው ሳይቀር ዋጋው ከደሞዙ ላይ ይቆረጣል። ወር ሞልቶ ሲሰላ ባዶ እጁን የሚመለሰው ጥቂት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1921 በብሌር ተራራ በሺዎች የሚቆጠሩ ማዕድን ቆፋሪዎች የሠራተኛ ማኅበር መብት ፈልገው ጠመንጃ ያነሱት እንዲህ ያለው ኑሮ ስላንገሸገሻቸው ጭምር ነው።

ያንን ባንኮኒ ሽንኩርት መክተፊያ ማድረግ ኃጢአት አይደለም። ቤት ፈርሶ ከሚቀር ሰው ቢኖርበት ይሻላል። የምነቅፈው ጽሑፉን ነው። ባንኮኒው ከምን እንጨት እንደተሠራ ሦስት አንቀጽ ይሰጠናል፣ በባንኮኒው ፊት ቆሞ «እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሱኝ» ይል ለነበረው ሰው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ይነፍጋል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼ ስለ ገጸ ባሕርይው ካፖርት ሁለት ገጽ ጽፈው የካፖርቱን ገንዘብ ከየት እንዳመጣው ሲዘሉት ማርክ እቀንስባቸው ነበር። ለእነዚህ መጽሔቶችም የምሰጠው ከዚያ የተሻለ አይደለም።

እኛ አገር የከሰል ኩባንያ ሱቅ አልነበረም። ለአርሲ ገበሬ መጋዘኑን ያመጣለት ልማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና ስዊድን ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ፤ ሰዉ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ካዱ» የሚለውን ማለት ነው። ካዱ መቀመጫውን አሰላ አድርጎ በአውራጃው የንግድ ማዕከሎች ከፈተ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ሰጠ፣ ስንዴ ገዛ፣ ወተት ሰበሰበ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ትንሹን ገበሬ ከአራጣ አበዳሪና ከነጋዴ ሚዛን ላላቅቅ ብሎ ነው የተነሳው። ስንዴውም በዛ። መሬቱ ትርፍ እንደሚሰጥ ያየ ባለርስት ግን ትራክተር እያመጣ ጭሰኛውን አስወጣ። ጆን ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ይህን በሰፊው ጽፎታል፤ ስለ ጭላሎ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እሱን ሳያነብ ባያልፍ ደግ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና ባለርስቱ ሄደ። መጋዘን መሙላቱ ግን ቀጠለ፤ አሁን የሚያስሞላው እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ሆነ። ገበሬው ኮታውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ምርት ያነሰበት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሸጠበት ጊዜ ነበር። እኔ ካዱን አልደረስኩበትም፤ የደረስኩት ስኳርና ሳሙና በካርድ ለምንገዛበት ለኅብረት ሱቅ ሰልፍ ነው። በ1978 ዓ.ም. ግድም መንደር ምሥረታ የሚሉት መጣና የአርሲ ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ ወጋግራውንና ማገሩን ተሸክሞ ወደ ተባለው ሜዳ ተጓዘ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ደግሞ ብዙው መልሶ ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ማኅበራት ፈረሱ፣ ንብረታቸው ግማሹ ተከፋፈለ፣ ግማሹ ተዘረፈ። ከመጋዘኑ ቆርቆሮው የተነቀለ ተነቀለ፤ ያልተነቀለው አንዳንዱ ቢሮ ሆነ፣ አንዳንዱ ሰው ገባበት።

ሁሩታ ውስጥ ሰው ከገባባቸው በአንዱ ቡና ጠጥቻለሁ። በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነው፤ አህያ ከነጭነቷ ታልፍበታለች። መስኮት የሚባል የለውም። ከጣሪያው ሥር ለእህሉ አየር እንዲያስገባ የተተወ ጠባብ ክፍተት ብቻ አለ። ወለሉ እርጥበት እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ብሏል። ስንዴ እንዳይበላሽ በደንብ የታሰበበት ቤት ነው፤ ሰው ይኖርበታል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ጣሪያው ስለሚርቅ የሐምሌውን ብርድ ምድጃ አይበግረውም። በዚህ የተነሳ ባለቤቲቱ ክፍሉን በኮምፔንሳቶ ለሦስት ከፍለው ከላይ በማዳበሪያ ኮርኒስ ለብጠውታል።

«አዴ፣ ኮርኒሱ ብርሃኑን አይወስድብዎትም?» አልኳቸው።

«ብርሃን መች ነበረውና! ስንዴ መብራት ይፈልጋል እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ።

ማዳበሪያ ማለት መሬት የሚያዳብር ነው። በአፋችን ግን ጆንያው ራሱ ማዳበሪያ ሆኗል። «አንድ ማዳበሪያ ድንች» እንላለን፣ ድንቹ ዘንድ ዩሪያ የለም። ዱቤ የተገባበት ነገር አፈር ውስጥ ቀልጦ ጠፋ፣ ዕዳው ወይ ተከፈለ ወይ ተረሳ፣ መያዣው ግን ስሙን ወርሶ ቀረ። አሁን እየተሰፋ ከራስ በላይ ይወጠራል። የአዴ ኮርኒስ ላይ «50 ኪሎ» የሚለው ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል፤ ማታ ማታ እሱን ሲያዩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ከዌስት ቨርጂኒያው ባንኮኒ ይልቅ ይህ ኮርኒስ ታሪኩን ያወራል፤ ያስዋበው የለምና።

ድህነትን ላሞግስ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። አዴ ገንዘብ ያገኙ ዕለት ያንን ኮርኒስ ነቅለው የሚጥሉት ናቸው፤ ደግ አደረጉ እላለሁ።

የእኛ ሰው ቅርስ ሲባል የሚታየው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግን ለቅርስ የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፣ ለመጋዘን በር የሚዘጋ አይመስለኝም። አንድ ቀን አንድ ተቆርቋሪ ተነስቶ «የካዱና የኅብረት ሥራ ዘመን መጋዘኖች ይጠበቁ» ቢል እኔም እፈርማለሁ። የምፈራው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ሕንፃው ቅርስ ነው ሲባል ውስጡ ያለው ሰው «ሕገወጥ ሰፋሪ» መባሉ አይቀርም። ቅርስ አይደለም ከተባለም ግሬደሩ አለ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ የተጻፈውን ሳነብ ስለ በረንዳውና ስለ ዓምዱ የተቆጨው ብዙ ነበር፤ ከበረንዳው በስተኋላ ስለነበረው ተከራይ የጠየቀው ያንሳል። እኛም እንደ መጽሔቶቹ መሆናችን ነው።

አዴ ኪራይ ይከፍላሉ፤ ደረሰኝ ሞልቷቸዋል። ቤቱ የማን ነው ብለው ሲጠይቁ ግን አንዱ የማኅበሩ ነው፣ ሌላው የመንግሥት ነው፣ ሦስተኛው ባለቤት የለውም ይላቸዋል። ኪራይ ለመቀበል ባለቤት አለ፣ ፈቃድ ለመስጠት የለም። አንድ መስኮት ላውጣ ብለው ካመለከቱ ቆይተዋል፤ «መጀመሪያ የቤቱ ባለቤት ይጣራ» ተባሉ። እስኪጣራ ድረስ መስኮቱ የሚወጣበትን ቦታ በከሰል ግድግዳው ላይ አስምረውበታል፤ ከአልጋቸው ራስጌ፣ በምሥራቅ በኩል።