የመንገደኛው ልብስ
ቻይናዊው ገጣሚ መንግ ጂያው (እ.ኤ.አ. 751–814) ከእናቱ ስለሚለይ ልጅ የጻፈው ግጥም ስድስት ስንኝ፣ በቻይንኛ 30 ፊደል ብቻ ነው። እኔ ግን ከብዙ ረጃጅም የናፍቆት ግጥሞች አስበልጬ እወደዋለሁ።

እንባ የለበትም። ምርቃትም ሆነ «ደህና ሁን» አይሰማበትም። ያለችው መርፌና ክር ይዛ የመንገደኛ ልጇን ልብስ የምትሰፋ እናት ናት። ሊነሳ ሲል ስፌቱን አጥብቃ፣ ጥቅጥቅ አድርጋ ትሰፋለታለች፤ መመለሻው እንዳይዘገይ ሰግታለች። ስጋቷን አፍ አውጥታ አትነግረውም፤ ስፌቱ ላይ ግን ይታያል። እንዲህ ያለ ቁጥብነት ከባድ ችሎታ ነው። መጨረሻ ላይ ልጁ ራሱን ሣር፣ እሷን የጸደይ ፀሐይ አድርጎ፣ ውለታዋን መመለስ እንደማይችል ይናገራል።

መንግ ጂያው የመንግሥት ሹመት ፈተናውን ደጋግሞ ወድቆ ያለፈው በ46 ዓመቱ ገደማ ነው። ግጥሙንም የጻፈው ሊያንግ ውስጥ አነስተኛ ሹመት ይዞ እናቱን ወደ ራሱ ባስመጣ ጊዜ ነው ይባላል። በጣም የሚነካኝ ይሄ ነው፤ ያንን መርፌ የጻፈው ተለይቷት በተንከራተተባቸው ዓመታት ሳይሆን፣ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ሆኖ፣ እናቱን አጠገቡ ካደረገ በኋላ ነው።