ከወለድ ነጻ የሆነ ሒሳብ ትርፉን በምን ይለካል?

ሰርሃን ቼቪክና ጆሹዋ ቻራፕ የተባሉ ሊቃውንት በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም የገንዘብ ድርጅት በኩል ያወጡት ጥናት፥ ስለ እስላማዊ ባንኮች በሚጻፉ ጽሑፎች ደጋግሞ ሲጠቀስ እናያለን። የማሌዢያንና የቱርክን ባንኮች መርምረው፥ ለትርፍ ተካፋዩ አስቀማጭ የሚደርሰው ድርሻ የወለድ ባንኮችን ዋጋ እየተከተለ ይሄዳል ሲሉ ደመደሙ። ጥናቱ ጥንቃቄ የጎደለው አይደለም። ነገር ግን ይህን ፍርድ እንዳለ ወደ አገራችን ማምጣት አይገባም እንላለን።

ለምን ቢባል፥ አንዱ ሌላውን ይመራል ለማለት አስቀድሞ መሪው መንቀሳቀስ አለበት። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ካደረገ በኋላ፥ ልኩ ለዓመታት በዚያው ቆየ። ቆሞ በሚውል ቁጥር ማን ማንን እንደ ተከተለ በሒሳብ መለየት አይቻልም።

እንዲህ ስንል ግን ወለድ እጁን አላስገባም ማለታችን አይደለም፤ የሚገባው በሌላ በር ነው። ባንኩ በሙራባሓ ዕቃ ገዝቶ፥ ጭማሪ አክሎ በዱቤ ሲሸጥ፥ ጭማሪውን የሚተምነው ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ ባንክ ለብድር የሚያስከፍለውን እያየ ነው። ትርፉ ከንግድ ይገኝ እንጂ የተለካው በወለድ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ የባንኩ ድርሻ ይነሣል፤ በብሔራዊ ባንክ በግዴታ የሚቀመጠውና ሥራ ያልተገኘለት ገንዘብም (ቃሉ ይፈቀድልንና) ሳይወልድ ይውላል። ወለድ ያለበትን የመንግሥት ሰነድ ገዝቶ ሥራ ፈት ገንዘብን ማሳረፍ ለእንዲህ ያለ ባንክ ክልክል ነው። አስቀማጩ የሚያገኘው ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው።

በጉለሌ፥ በአዲሱ ገበያ ሱቅ የከፈተውን ሙስሊም ነጋዴ እናስብ። ከ2004 ዓ.ም. መመሪያ ወዲህ በወለድ ባንኮች ልዩ መስኮት፥ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም እንደ ዘምዘም ባሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ በሆኑ ባንኮች ማስቀመጥ ይችላል። በወዲዓ ቢያስቀምጥ አደራ ነውና ትርፍ አይጠይቅም፤ በሙዳረባ ቢያስቀምጥ ትርፉን በውሉ መጠን ይካፈላል፥ ባንኩ ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣም የገንዘቡ ጉዳት የእርሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ ባለፈ ጊዜ፥ 7 በመቶ የሚከፈለው ጎረቤቱ ተጎዳ፤ በወዲዓ ያስቀመጠው ግን ይልቁን ተጎዳ። ሁለቱ ሊቃውንት የትርፉን ድርሻ ከወለዱ ጋር አነጻጸሩ እንጂ፥ ከጤፍና ከዘይት ዋጋ ጋር አላነጻጸሩም።

ስለዚህ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ፥ የማሌዢያን ሠንጠረዥ ከመገልበጡ በፊት የሙዳረባውን ውል ይጠይቅ፤ የባንኩ ድርሻ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ፥ ከተቀመጠውም ገንዘብ ምን ያህሉ በሥራ ላይ እንደ ዋለ ይመልከት።