ስፌቱ የሚታይ ታሪክ
ሼሊ ጃክሰን በብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች የጀመረችውና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው «ፓችወርክ ገርል» (ከቁርጥራጭ የተሰፋች ልጃገረድ) በስቶሪስፔስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። በሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» (1818) ውስጥ ሳይንቲስቱ ጀምሮ ያፈረሳትን ሴት ፍጡር፣ በዚህ ድርሰት የምትሠራት ራሷ ሜሪ ሼሊ ናት።

የድርሰቱ ብርታት ቅርጹ ከይዘቱ መወለዱ ነው። ፍጡሯ ከሙታን አካል የተሰፋች ናት፤ ታሪኳም በቁርጥራጭ ጽሑፎች ተበታትኖ አንባቢው ራሱ እየመረጠ ይሰፋዋል። በተራ ገጽ ቢታተም ስፌቱ በጠፋ ነበር። ድምፅና ሥዕል ስለ ተጨመረበት ብቻ የተማሪን ታሪክ የሚያደንቅ መምህር ይህን ልዩነት ሊያጤነው ይገባል።

ጉድለት ግን አለው። አንባቢው የት እንደ ደረሰ፣ ምን ያህልም እንደ ቀረው አያውቅም፤ ይህን ሁሉ እንደ ጥበብ መቁጠር ለደራሲዋ ማድላት ይሆናል። ደግሞም በዲስክ የወጣ ጽሑፍ እንደ ብራና አይቆይም፤ መሣሪያው ሲያረጅ አብሮት ይዘጋል።

ጃክሰን በኮምፒዩተር አልተወሰነችም። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው «ስኪን» 2095 ቃላት ያሉትን ታሪክ፣ ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ አንድ ቃል እያደለች፣ በሰው ገላ ላይ ታስነቅሰው ጀመር። ሙሉውን እንዲያነቡ የተፈቀደላቸው ተነቃሾቹ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህም ሐያሲው የሚመዝነው ሐሳቡን እንጂ ድርሰቱን አይደለም።